ጉዳዩ፦ ልጅ ስለማጫወት

አቶ ወልደ ሰንበት ልጃቸውን በፋይል ያሳደጉ ሰው ናቸው። ማጋነን አይደለም። ሆሳዕና ላይ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሠሩ፣ ቁጥር ያልተሰጠው ነገር ሁሉ አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም ብለው ማመን ለምደዋል። ስለዚህ ዘርትሁን በተወለደች በሳምንቷ ሰማያዊ የካርቶን አቃፊ ከፈቱላት። ክትባቷ እዚያ ውስጥ አለ። የመጀመሪያ ጥርሷ ብቅ ያለበት ቀን አለ። «ነሐሴ 12 ቀን ከበረንዳው ደረጃ ወድቃ የቀኝ ጉልበቷ ተላጠ፤ አዮዲን ተደርጎላታል» የሚል ማስታወሻ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ተቀምጧል።

በሰው ለመሳቅ መቸኮል ግን ደግ አይደለም። አቶ ወልደ ሰንበትና ሚስታቸው እልፍነሽ ከመንዝ መጥተው እዚህ ጎጆ ከወጡ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ አጥተው ኖረዋል። ያልተሳሉት ስእለት፣ ያልጠጡት ጠበል፣ ያልሰሙት የዘመድ ሽሙጥ አልነበረም። በአሥረኛው ዓመት ልጅቷ ስትመጣ «እንግዲህ ዘር ትሁን» አሉና ስሙም እሱው ሆኖ ቀረ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው ያገኘውን ነገር ቢያጠብቀው አይፈረድበትም።

አጠባበቃቸው ግን ልክ አጣ። የግቢው በር ሁልጊዜ ቁልፍ ነው። የሰፈሩ ልጆች ጉንፋን አያጣቸውም፣ ጭቃ አያጣቸውም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አማርኛዋን ያበላሹባታል። ስለዚህ ዘርትሁን ግቢዋ ውስጥ ብቻዋን አደገች። በሦስት ዓመቷ ፊደል ቆጠረች፤ በአራት ዓመቷ እስከ መቶ ደረሰች፤ በአምስት ዓመቷ ዱካ ላይ ቆማ የጋዜጣ ርእስ ለእንግዳ ታነብ ነበር። «እንዲህ ያለ ልጅ አይተን አናውቅም» ይላል እንግዳው። አቶ ወልደ ሰንበትም ያንኑ ማታ ፋይሉ ላይ ያሰፍሩታል። ብቻውን የሮጠ ቀዳሚ ነው ይባል የለ!

በ1974 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ልጅቷ ቀበሌው ወደ ከፈተው መዋዕለ ሕፃናት ገባች። የገባችውም እልፍነሽ ሦስት ቀን ሙሉ ስላኮረፈች ነው እንጂ አባትየው ወደው አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በር ላይ አቁመው የቀሚሷን አንገትጌ እያስተካከሉ መመሪያ ሰጧት።

«ካልጠየቁሽ አትናገሪ። ከተናገርሽም በአማርኛ፣ በትክክል። መሯሯጥ የለም፤ ልፊያ የለም። ተሰማ?»

«ተሰማ» አለች ዘርትሁን።

ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አቶ ወልደ ሰንበት ይህን ተረት በመሥሪያ ቤታቸው ስንት ጊዜ ተርተውታል! የዚያን ቀን ግን ትዝ አላላቸውም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አስተማሪዋ ፋንታዬ አስጠራቻቸው። መዋዕለ ሕፃናቱ ከመወረሱ በፊት የእህል መጋዘን የነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ፋንታዬ ቀጠን ያለች፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሞላት ነው፤ አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ሠልጥና የመጣች ልጅ ናት። «ይቀመጡ፣ ጓድ ወልደ ሰንበት» አለቻቸው። የነበረው ወንበር የልጆች ብቻ ስለነበር፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር እስኪደርስ ተጣጥፈው ተቀመጡ።

«ልጅዎ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም።»

«ለማን?»

«ለማንም። ስሟን ስጠራ እጇን ታወጣለች፤ በቃ። ሌሎቹ ኩኩሉ ሲጫወቱ እሷ ግድግዳ ተደግፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ትናንት ሽንቷ መጥቶባት መናገር አቅቷት እዚያው ለቀቀችው። አላለቀሰችም እንኳ።»

አቶ ወልደ ሰንበት ደማቸው ፈላ። «ታነባለችኮ! እስከ መቶ ትቆጥራለች! የትኛው ልጅ ነው እዚህ ውስጥ 'ኅብረተሰብ' ብሎ የሚያነብ?»

«ማንም። ማንበቧንም አላጣሁትም፤ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን መፈክር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታነበው አይቻታለሁ። ግን ጋሼ...» አለች ፋንታዬ፣ «ጓድ» ማለቱን ረስታ፣ «እዚህ የምናስለምዳቸው ሌላ ነው። እኔንም አጫውቱኝ ብሎ መጠየቅ፣ ተራ መጠበቅ፣ ኳሱን ሲቀሙት 'የኔ ነው!' ብሎ መጮህ፣ ተጣልቶ መታረቅ። ይሄ ካልቀደመ ፊደሉ ብቻውን የት ያደርሳታል? ልጅዎ ከሰው ልጅ ጋር መጫወት አልለመደችም።»

ቀጥላ የተናገረችው ግን ከሁሉ የባሰው ነበር። በር ላይ አርባ ሦስት ልጅ ተራ ይጠብቃል። የቀበሌው ኮሚቴ እስከ ኅዳር ሠላሳ ያልለመደ ልጅ ወደ ቤቱ ተመልሶ ቦታው ለሌላ እንዲሰጥ ወስኗል። በስሟ ትይዩም «ያልደረሰች» ተብሎ ይጻፋል።

«ይጻፋል?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

«መዝገቡ ላይ ይጻፋል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ቃል ሰምቶ ያልፈዋል። አሥራ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ለኖረ ሰው ግን የተጻፈ ነገር የሚፋቅ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ለምነው ያገኟት ልጅ፣ በአምስት ዓመቷ፣ በመንግሥት መዝገብ «ያልደረሰች»! አቶ ወልደ ሰንበት ከዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ለመነሳት ግድግዳ መደገፍ አስፈለጋቸው።

ፋንታዬ እስከ በር ሸኘቻቸው። «አይጨነቁ። እቤት ያጫውቷት። ፊደል አይጠይቋት፤ እሷ የምትለውን ይስሙ። የጎረቤት ልጅም ይጥሩላት። ከአንድ ልጅ ጋር ከለመደች ሌላው ቀላል ነው።»

ማታውኑ ጀመሩ። እራት እንደተበላ ዘርትሁንን ፊት ለፊታቸው አቁመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ እንጫወታለን» አሉ።

ልጅቷ አየቻቸው።

«በይ ተጫወቺ።»

ዘርትሁን ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ዱካው ላይ ወጣችና ከሀ እስከ ፐ ሳትሳሳት አነበነበች። ጨርሳ እጅ ነሳች። እልፍነሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ለማፈን ጓዳ ገባች። አቶ ወልደ ሰንበት አልሳቁም። ልጃቸው ስትጫወት አይተዋት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ነገሩም አሳዘናቸው።

«የጎረቤት ልጅ ይጥሩላት ብላለች እኮ አስተማሪዋ» አለች እልፍነሽ ተመልሳ። «አስካለች አለች፤ ልጇ ትርፊት የዘርትሁን እኩያ ናት። አጥር ነው የሚለየን። ይሂዱና ይንገሯት።»

«ሄጄ ምን እላታለሁ? በስድስት ዓመት ውስጥ ከእግዜር ሰላምታ ሌላ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አለች እልፍነሽ።

አስካለች ባሏ ሀደሮ ከተማ ለሥራ የከረመባት፣ እንሰቷንና ልጇን ብቻዋን የምታይ፣ ድምፀ ጎርናና የሀዲያ ሴት ናት። አቶ ወልደ ሰንበት ሊፈሯት ምክንያት አልነበራቸውም። ችግሩ ሰው ቤት ሄዶ «ልጅሽን ላኪልኝ» ማለት የማያውቁበት ሥራ መሆኑ ነው። የሚያውቁት ሥራ ደብዳቤ ነው። በማግሥቱ ቢሯቸው ገብተው የጽሕፈት መኪናውን ሽፋን ገለጡ።

ወረቀት እንደዛሬ በሽ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ የሚጽፈው የድሮው መንግሥት አርማ ያለበት፣ ከአገልግሎት የወጣ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው፤ ከዚያ ቁልል አንድ ሳቡና ጀርባው ላይ እንዲህ ብለው መቱ፦

«ለወ/ሮ አስካለች። ጉዳዩ፦ ልጅ ስለማጫወት። ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው ልጅዎ ትርፊት እሑድ ኅዳር 6 ቀን ከቀኑ በ9 ሰዓት እጅና እግሯን ታጥባ በቤታችን በመገኘት ከልጃችን ከዘርትሁን ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል እንድትጫወት እየጠየቅን፣ ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ሁለቴ አነበቡት። ወደዱት። ከዚያ ለአቶ ቸኮል ሰጡት። አቶ ቸኮል ሥራቸው አንድ ነው፦ የፍርድ ቤት መጥሪያ ለባለጉዳይ ማድረስ። እሳቸውን በሩ ላይ ያየ የሆሳዕና ሰው ሁሉ ልቡ ወደ ጉሮሮው ትመጣለች።

እሑድ ደረሰ። አቶ ወልደ ሰንበት በረንዳው ላይ ሰሌን አነጠፉ፤ ሰሌኑ መሃል ስምንት ብስኩት ያለበት ሳህን አስቀመጡ። ዘርትሁን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ፤ አቶ ወልደ ሰንበት ፈገግታቸውን አዘጋጅተው ከፈቱ።

በሩ ላይ የቆሙት ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ከኋላቸው አስካለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ በዓል የምታከብርበትን ልብስ ለብሳለች። ከአስካለች ቀሚስ ኋላ ደግሞ ፀጉሯ በቅቤ የራሰ፣ እግሯ እስኪያብረቀርቅ የታጠበ አንዲት ትንሽ ልጅ አጮልቃ ታያለች።

«ቤቶች፣ በሰላም ነው የመጣነው» አሉ ታላቁ ሽማግሌ፣ አቶ ጠና። የአስካለች ባል አጎት ናቸው፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። «አቶ ወልደ ሰንበት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ፍርድ ቤት ከሚገናኝ እዚሁ ብንጨርሰው ይሻላል ብለን ነው። ጥፋት ካለ እንክሳለን።»

አቶ ወልደ ሰንበት ነገሩ አልገባቸውም። ግን ሣር የያዘ ሽማግሌ በር ላይ አይቆምም፤ ይህን መንዝም ያውቀዋል፣ ሀዲያም ያውቀዋል። አስገቧቸው። ሽማግሌዎቹ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ አስካለች ቆማ ቀረች። ማንም ሳይጠይቃት ትናገር ጀመር።

«ቀዳዳው የልጄ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ባለፈው ክረምት ነው አጥሩን የቀደደችው፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባለው በኩል። ቀርከሃው በስብሶ ነበር። እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። ግን ልጅዎን አልበደልኳትም! እርስዎ ሥራ ሲሄዱ በቀዳዳው ትሾልካለች፣ ቆጮ በአይብ ትበላለች፣ ከልጄ ጋር ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች፣ እርስዎ ሳይመጡ ትመለሳለች። አንድ ቀን ብቻ ነው የተጎዳችው። ኮባ ላይ ተቀምጠው ከቁልቁለቱ ሲንሸራተቱ ወደቀች። ጉልበቷን እኔ ነኝ ያጠብኩላት።»

«መቼ?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«እናንተ ፍልሰታ የያዛችሁ ጊዜ።»

«ነሐሴ አሥራ ሁለት» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

«ከደረጃ ወደቀች ያልኩት እኔ ነኝ» አለች እልፍነሽ ከበሩ ላይ። «አዎ፣ አውቅ ነበር። ልጅቷ ሳቅ እንዳይጠፋባት ብዬ ነው። እንግዲህ ከፈለጉ እኔንም ይክሰሱኝ።»

አቶ ወልደ ሰንበት ተናደዱ። ያን ያህል የጠበቁት ግቢ ወንፊት ሆኖ ኖሯል! ፋይሉ ውሸት ይዟል! በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ውሸት! ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከሰሌኑ በኩል አንድ ድምፅ ሰሙ። ሽማግሌም ክስም የማይገዳት ትርፊት፣ ሹልክ ብላ ከብስኩቱ አጠገብ ተቀምጣ ለዘርትሁን ጆሮ አንድ ነገር ሹክ ብላታለች። ዘርትሁንም ሳቀች።

ጮክ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በሀዲይኛ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እጇን እያወናጨፈች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ አፈ ጉባኤ እንደሆነ ሰው። ትርፊት በተራዋ ሳቀች። ሽማግሌዎቹም የሰሙትን ሰምተው ወደ መሬት እያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ።

አቶ ወልደ ሰንበት ልጃቸው እንዲህ ስትስቅ ሰምተው አያውቁም። አምስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው የልጃቸውን ሳቅ ዛሬ ሰሙት፤ ያውም ጎረቤት በር ላይ መጥቶ። ቁጣቸው የት እንደገባ አላወቁም። በቦታው የመጣው ኀፍረት ነበር፤ ከኀፍረቱ ሥር ደግሞ ስም ያላገኙለት ደስታ።

«ምንድን ነው ያለችው?» ብለው አስካለችን ጠየቁ።

አስካለች አመነታች። «አይቆጡ እንጂ... 'አባባ ሲቆጣ ጢሙ እንደ ድመት ይቆማል' ነው የምትለው።»

እልፍነሽ ጓዳ ሮጣ ገባች።

አቶ ጠና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ተከሳሿ አምናለች። ክሱ ይነበብልን።»

«የምን ክስ?»

አስካለች ከመቀነቷ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን የያዘችው ባለፈው ሐምሌ ነው፤ አቶ ቸኮል «ፈርሚ» ሲሏት በአውራ ጣቷ ሳይሆን በእስክሪብቶ የፈረመችው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ወረቀቱንም ራሷ ነበር ያነበበችው፣ ደስ እያላት። ግን እንደ አዲስ አንባቢ ሁሉ ያነበበችው ትልልቁን ፊደል ነው። ትልቁ ፊደል የታተመው በፊተኛው ገጽ ነው፦ «መጥሪያ»። ከሥሩ፦ «ለቀረበብዎት ክስ መልስ ይዘው እንዲቀርቡ»። ቀኑን አቶ ቸኮል በአፋቸው ነገሯት። ከዚያ በኋላ ወረቀት ገልብጦ የሚያይ ልብ ከየት ይመጣል? አምስት ቀን እንቅልፍ አጥታ ሰንብታለች።

አቶ ወልደ ሰንበት ወረቀቱን አዩት። ገለበጡት። ደግመው ወደ ፊት መለሱት።

«እኔን አፈር ያስበላኝ!» አሉና ጀርባውን እየተንተባተቡ አነበቡላቸው። «... ከልጃችን ከዘርትሁን ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል እንድትጫወት እየጠየቅን...»

አስካለች የሰማችውን አማርኛ ለማይሰሙት ሁለት ሽማግሌዎች ተረጎመችላቸው። መጀመሪያ አንደኛው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ሁለተኛው ከዘራቸውን ጣሉ። በመጨረሻ አቶ ጠና ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ በያዙት ሣር ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ልጅ ለማጫወት መጥሪያ! ሞርሲቶ ገበያ ሄጄ ብናገር ማን ያምነኛል?»

አስካለች ግን ወዲያው አልሳቀችም። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀችና «ጌታዬ፣ በአጥሩ ላይ ቢጠሩኝስ?» አለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት። በአሥራ ስድስት ዓመት የሆሳዕና ኑሯቸው ይህን ቃል ለጎረቤት ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሲናገሩት ደግሞ እንደፈሩት ከባድ አልነበረም።

ሁሉም ሊነሱ ሲሉ አቶ ጠና ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። «ቁጭ በሉ! ሽምግልና ከተቀመጠ ያለ ፍርድ አይነሳም። ሣር ይዘን ገብተናል።» ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በሀዲይኛ ተማከሩ። ምክክሩ የእውነት ክስ የቀረበ ይመስል ረዘም ያለ ነበር። ከዚያ ፍርዱ ተነገረ፦ ያለ ጥፋቷ ጎረቤቱን አምስት ቀን እንቅልፍ የነሳው ሰው፣ ያንን ቀዳዳ በገዛ እጁ አስፍቶ ሰው ሳያጎነብስ የሚያልፍበት በር ያድርገው። በሩም ቁልፍ አይኑረው።

«ይግባኝ አለዎት?» አሉ አቶ ጠና።

«የለኝም» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

ስምንቱ ብስኩት እስከዚያ አልቆ ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አባትና ልጅ ቀዳዳው አጠገብ ቆሙ። አቶ ወልደ ሰንበት ቁመታቸውን አጥፈው ቁጢጥ አሉ። ፋንታዬ «እሷ የምትለውን ይስሙ» ያለቻቸው ትዝ አላቸው።

«ዘርትሁን፣ ትምህርት ቤት ለምን አትናገሪም?»

ልጅቷ ጥያቄው ገረማት። «ካልጠየቁሽ አትናገሪ ብለውኛላ።»

«ልጆቹ የሚያወሩት እንደ ትርፊት ነው» ብላ ቀጠለች ዘርትሁን። «እርስዎ በአማርኛ ብቻ ብለውኛል። ስለዚህ እሰማቸዋለሁ እንጂ አልመልስም። አንዳንዴ በጣም ያስቃሉ። ያን ጊዜ ምላሴን እነክሳለሁ።»

አንድ ወር ሙሉ! ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ምላሷን እየነከሰች የአባቷን ቃል ጠብቃለች። ያልደረሰችው እሷ አይደለችም።

«ያ መመሪያ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል» አሉ።

«ተሽሯል ምን ማለት ነው?»

«የፈለግሽውን፣ በፈለግሽው ቋንቋ፣ ለፈለግሽው ሰው መናገር ትችያለሽ ማለት ነው።»

«ሳልጠየቅ?»

«ሳትጠየቂ።»

«መሮጥስ?»

«መሮጥም ተፈቅዷል።»

ዘርትሁን ጥቂት አመዛዘነች። «እንግዲያው ጢምዎን ልንካው?» አለች። ነካችው። ከዚያም እንደ ድመት ነው አይደለም በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተደረገ፤ አባትየው ተረቱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተሠራ። አቶ ወልደ ሰንበት ቀርከሃ ቆርጠው ስለማያውቁ ግማሹን አስካለች ሠራችው። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እንሰቱ ጥላ ሆነ። ሁለቱ ልጆች «ቤት» ሠርተው ይጠብቋቸዋል። እንግዳ ሆነው ይገባሉ፤ ጭቃ በኮባ ይቀርብላቸዋል፤ «ጨው አንሶታል» ካሉ ይጨመርላቸዋል። ትርፊት እስከ ሃያ ለመቁጠር ጠጠር ስትደረድር ዘርትሁን ታርማታለች፤ ዘርትሁን ዛፍ ላይ መውጣት ስትፈራ ትርፊት ከታች ትገፋታለች። ዱካው ላይ ወጥቶ ለእንግዳ ማንበብ ቀረ። ፋይሉም በዚያ ወር ምንም አልተጻፈበትም፤ ማን ጊዜ አለው?

አንድ ነገር ግን ውስጥ ውስጡን ይበላቸው ነበር። ኅዳር ሠላሳ እየቀረበ ነው። ዘርትሁን እቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም፤ ትምህርት ቤት ግን? ቢጠይቋት «ተጫወትን» ብላ ወደ አጥሩ ትሮጣለች። ፋንታዬን ለመጠየቅ ፈሩ። የፈሩት ነገር ከተጻፈ በኋላ ቢሰሙት ይሻላቸው ይመስል።

ኅዳር ሃያ ስምንት ቀን መልእክት መጣ፦ «አስተማሪዋ ይፈልጉዎታል።»

አቶ ወልደ ሰንበት ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። መንገዱን ሁሉ የሚናገሩትን ሲያጠኑ ነበር፦ አንድ ሳምንት ይጨመርልኝ፣ ልጅቷኮ ጥፋት የለባትም፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፍ ከሆነ የእኔ ስም ይጻፍ። የመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ጥግ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ከውስጥ ጫጫታ ይሰማል። የቀርከሃው አጥር መሃል ላይ ክፍተት ነበር፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ግራና ቀኝ ተገላምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ በቀዳዳ አዩ።

ሜዳው መሃል አንዲት ልጅ የጨርቅ ኳስ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ነጭ ቀሚሷ ነጭ መሆኑ ቀርቷል። አራት ልጆች ከበዋታል። በሀዲይኛ ትጮሃለች፤ መሃል ላይ አማርኛ ትደባልቃለች፤ «ተራ! ተራ ነው አልኩ! መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ አንተ!» ትላለች። አንዱ ልጅ ኳሱን ነጠቃት። አሳደደችው። ወደቀች። ተነሳች። ወዲያው ደግሞ ከዚያው ልጅ ጋር ተያይዘው ሳቁ።

«ጓድ ወልደ ሰንበት?» አለ ድምፅ ከኋላቸው። ፋንታዬ ነበረች። አቶ ወልደ ሰንበት ቀና ብለው ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ዓይናቸውን ማስተካከል ግን አልቻሉም።

«ይህችን ልጅ ይምከሩልኝ» አለች ፋንታዬ። «ወሬዋ አያልቅም! ተረት ሳወራ ታቋርጠኛለች። ተኙ ስላቸው ታስቃቸዋለች። የልጆቹ ሁሉ ጠበቃ እሷ ሆናለች። ጥቅምት ላይ ይሄን ያህል ልትረብሸኝ ትችላለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።» ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ ነበር።

«ይህን ቅሬታ» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት ቀስ ብለው፣ «በጽሑፍ ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

«በጽሑፍ?»

«እባክዎ። ከተቻለ ማኅተም ይደረግበት።»

ሲመለሱ ወደ ቤታቸው አልገቡም። በአዲሱ በር አልፈው አስካለች የእንሰት ቅጠል የምትከረክምበት ሄዱ፤ እልፍነሽም ድምፃቸውን ሰምታ ወጣች። ወረቀቱን ለአስካለች ሰጧት፤ «አንብቢልን» አሏት።

አስካለች እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ወረቀቱን ተቀበለችና መጀመሪያ ገለበጠችው። ጀርባውን ከላይ እስከ ታች በደንብ መረመረች፤ ምንም አልተጻፈበትም። ከዚያ ወደ ፊቱ መልሳ ጣቷን ፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ቀስ እያለች አነበበች።

«ል-ጅዎ... ዘር-ት-ሁን... በክ-ፍል ውስጥ... ወሬ... ታ-በ-ዛ-ለች።»

አቶ ወልደ ሰንበት የእንሰቱ ግንድ ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እስኪ ድገሚው» አሉ።